የእማዬ ደረቅ እንጉዳይ

ውድ ወንድሜ ጋሼ ዲበኩሉ፦

ስልኬን ማንሣት ከተውክ ወዲህ ይህን ደብዳቤ በልቤ ስንት ጊዜ ጽፌ ስንት ጊዜ እንደቀደድኩት እኔ ነኝ የማውቀው። ሰላምታዬን ባትፈልገውም ከነባለቤትህ ዲሪቤ ከነልጆቹ ሰላም ሁኑልኝ። ወረቀቱን ይዞልህ የሚመጣው የእትዬ ተጂቱ ልጅ ሁንዴሳ ነው። ቡና ጭኖ ወደ አዳማ ስለሚሄድ በእጅህ እንዲሰጥህ ለምኜዋለሁ። ተቆጥተህ ብትቀደው እንኳ አንብበህ ቅደደው።

የማኅበራችን እትዬ ምንዳዬ ደውለው ያሉህን ሰምቻለሁ። እኔንም በር ላይ አቁመው ብለውኛል። «ሳያት እናቷን በማኅበርተኛ ፊት አዋረደቻት፤ ሴትዮዋ በድንጋጤ ሆስፒታል ገባች።» እማዬም ራሷ በስልክ «ደም ብዛቴ ተነሥቶ ነው» አለችህ። ያን ስትልህ አጠገቧ ነበርኩ። ዝም ያልኩት እጄን ጨብጣ ይዛኝ ስለነበር ነው። ደም ብዛት አልነበረም፣ ጋሼ። ስለዚህ የሆነውን ከሥሩ ልንገርህ።

አንተ እዚህ ሳለህ እንጉዳይ የሁለት ሴቶች ሥራ ነበር። ክረምት ሲገባ እትዬ ተጂቱ ከኩይሳው ሥር እየለቀሙ በቅርጫት ያመጣሉ፣ እማዬ ታደርቃለች። አባባ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ መጀመሪያ «የጅብ ጥላ ቤቴ አይገባም» እያለ ይፎክር ነበር። በኋላ በጾም ቀን «ያ የጎረቤታችን ነገር የለም ወይ?» ማለት ጀመረ፤ ስሙን ግን እስኪሞት አልጠራውም።

እማዬ ለእንጉዳይ የምትጠነቀቀውን ያህል ለሌላ ነገር ስትጠነቀቅ አላየሁም። በውኃ አታጥበውም። አፈሩን በእርጥብ ጨርቅ ትጠርግና በስሱ ትቆራርጠዋለች፣ በመርፌ እየወጋች ክር ላይ ትሰካዋለች፣ ከምድጃው በላይ ከቆጡ ላይ ታንጠለጥለዋለች። የመቱን ክረምት ታውቀዋለህ፤ ጫማ አልጋ ሥር የሚሻግትበት፣ ፀሐይ ለእንግድነት እንኳ ብቅ የማትልበት ነው። እሳቱ ከበዛ ይበስላል፣ ካነሰ ይሸታል። እማዬ አንዷን ቁራጭ ጆሮዋ ሥር አድርጋ ትሰብራታለች፤ «ቀጭ» ስትል ከሰማች ብቻ ወደ ጠርሙስ ትከታለች። ከታጠፈች ሌላ ቀን ጭስ ላይ ትውላለች።

መርጦ መልቀም ግን የእማዬ ሥራ ሆኖ አያውቅም። የሚበላውን ከማይበላው የሚለዩት እትዬ ተጂቱ ነበሩ። አንድ ክረምት አብሬያቸው ሄጄ ከዛፍ ሥር አንድ የሚያምር ነጭ እንጉዳይ ብነቅል እጄን መትተው አስጣሉኝ። «ኢላሊ! እዪ እንጂ!» ብለው በእንጨት ገለበጡት። ከሥሩ እንደ ተሰበረ የእንቁላል ቅርፊት ያለ ከረጢት ይዞታል። «የኩይሳው ሥሩ እንደ ጅራት ቀጥኖ ወደ ታች ይወርዳል። ይሄ ግን ካልሲ ለብሷል። ካልሲ የለበሰ ቤትሽ እንዳይገባ» አሉኝ።

እትዬ ተጂቱ አምና ከጥምቀት በኋላ አረፉ። እማዬ ለእህቶቿ ያላለቀሰችውን ለእሳቸው አለቀሰች። ክረምት ሲገባ ቅርጫቱን ራሷ አነሣች። «ልከተልሽ» ስላት «አንቺ የስፌት መኪናሽ ላይ ተቀመጪ፤ እኔ መንገድ አይጠፋኝም» አለችኝ።

መንገዱስ አልጠፋትም። የጠፋት ዓይኗ ነው፤ እሱን ደግሞ ማናችንም ጮክ ብለን አልተናገርነውም። ሰው ድምፁን ካላሰማ ማን እንደሆነ አታውቅም። ሻይ ስትቀዳ ጣቷን ከብርጭቆው አፍ ላይ ታደርጋለች። ያን ክረምት መርፌዋን ይዛ ትመጣና «ክር አስገቢልኝ» ትለኛለች። አስገባላታለሁ፤ ክሩ ሲያልቅ ተመልሳ ትመጣለች። ምን እንደምትሰካበት ሳላውቅ ክር ሳስገባ ከረምኩ።

«ከየት ነው የለቀምሽው?» ስላት «ከተለመደው ቦታ» ትለኛለች። የተለመደው ቦታ ታርሶ ባሕር ዛፍ እንደተተከለበት አውቅ ነበር። ግን እናትን «ዋሽተሻል» ብሎ መናገር እንዴት ይቻላል? እሷ ዘወር ስትል ቅርጫቱን እየፈተሽኩ የጠረጠርኩትን ከአጥር ውጭ እጥላለሁ። ሱቅ ተልኬ ስመለስ ግን አንዳንዴ ሁሉም ተቆራርጦ አገኘዋለሁ። ከተቆራረጠና ከደረቀ በኋላ ደግሞ ሁሉም አንድ መልክ ነው። ጠርሙሶቹ መደርደሪያ ላይ ሞልተው አያቸው ነበር። አንዱን ጠርሙስ ሆን ብዬ ክዳኑን አላልቼ እንዲሻግት አደረግሁት፤ ሲሻግት እማዬ አለቀሰች። ሌላውን እንዲያ ማድረግ አቃተኝ።

በሁዳዴ የማርያም ማኅበር ተራው የእኛ ነበር። ቅዳሴው ወጥቶ ማኅበርተኛው ወደ ቤት ገባ። ዋናው ምግብ እማዬ ከጠርሙስ አውጥታ፣ ዘፍዝፋ የሠራችው የእንጉዳይ ወጥ ነው። እትዬ ምንዳዬ ገና ሲገቡ «ዛሬ የመጣሁት ለእሱ ነው» እያሉ ነበር። ጾም ስለሆነ ማንም አልቀመሰውም፤ ጨዉንም እማዬ በግምት ነው የጨመረችው። እግዚአብሔር በዚያ ጠብቆናል።

እኔ ጓዳ ሆኜ እንጉዳዩ የተዘፈዘፈበትን ሳህን ሳጥብ ከግርጌው አንድ ቁራጭ ጣቴን ነካው። አወጣሁት። የእንጉዳይ እግር ነው፤ ውኃ ጠጥቶ አብጧል። ወደ ታች በኩል ስስ ቅርፊት ዙሪያውን አቅፎታል። ካልሲ ለብሷል።

ጋሼ፣ እርግጠኛ ነበርሽ ወይ ብትለኝ አልነበርኩም። የክረምት ቅጠል ተጣብቆበት ይሆናል፣ ሲደርቅ የተላጠ ልጣጭ ይሆናል እያልኩ ለራሴ ነገርኩት። ከሳሎን የመምሬ ሰይፈ ሚካኤል ጸሎት ይሰማኛል። ጸሎቱ ባያልቅ ብዬ ተመኘሁ። አለቀ።

ቁራጩን በመዳፌ ይዤ ገባሁ። እማዬ ድስቱን ታቅፋ ልትጨልፍ ጎንበስ ብላለች።

«እማዬ፣ ወጡን አታውጪ» አልኳት በጆሮዋ።

«ምን ሆነ?»

«ይሄን ከሳህኑ አገኘሁት። የእትዬ ተጂቱ ዓይነት አይደለም።»

ተቀብላ ዳሰሰችው። ጣቷ ቅርፊቱ ላይ ሲደርስ ቆመ፤ አይቻለሁ። ከዚያ ወደ እጄ መለሰችውና «ቆሻሻ ነው። ሰው ፊት አታንሾካሹኪ» አለችኝ። ጭልፋውን ሞልታ ወደ እትዬ ምንዳዬ ዘረጋች።

«እባካችሁ እንዳትበሉት!» ብዬ ጮኽኩ። ድምፄ የእኔ አልመሰለኝም።

እትዬ ምንዳዬ እጃቸውን ሰበሰቡ። «በስመ አብ! ምን ሆነሻል?»

«እንጉዳዩ ልክ አይደለም። መርዝ ሊሆን ይችላል።»

እማዬ ቀጥ ብላ ቆመች። ወደ ሰዎቹ ሳይሆን ወደ መስኮቱ ብርሃን ዞራ ነው የተናገረችው። «ስንት ዓመት ሙሉ አበላኋችሁ። የሞተ አለ? እንግዲያው እኔ ልቅደም» አለችና ጭልፋውን ወደ አፏ አደረገችው።

ዘልዬ እጇን ያዝኳት፤ ወጡ ነጠላዋ ላይ ፈሰሰ፤ አንድ ጉርሻ የሚያህለውን ግን ውጣዋለች። ከንፈሯን ጠርጋ «በቁሜ ቀበርሽኝ» አለችኝ። እትዬ ምንዳዬ የነገሩህ እስከዚህ ያለውን ነው።

ማኅበርተኛው አንገቱን ደፍቶ ወጣ። እማዬ መኝታ ቤት ገብታ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። «ሆስፒታል እንሂድ» ብዬ እግሯ ላይ ወደቅሁ፤ እንዳልሰማች ሆነች። የቀሩት መምሬ ሰይፈ ሚካኤል ብቻ ናቸው። በሩ ላይ ቆመው «እትዬ ሀረገወይን፣ ልጅቱ ተሳስታ ከሆነ ነገ እኔው ራሴ እገሥጻታለሁ። ልክ ከሆነች ግን ነገን ማን ይሰጠናል? ስለ እኔ ብለው ይነሡ» አሏት። ለእሳቸው ብላ ተነሣች። ባጃጁ ውስጥ ግን ክንዴን ያዘችና በማርያም ስም አስማለችኝ። «ለዲበኩሉ እንዳትነግሪው።» ማልኩላት። ምን ልበላት?

የተቀበለችን ሐኪም ሴና የምትባል የሁሩሙ ከተማ ልጅ ናት። ቁራጩን በወረቀት ጠቅልዬ ሰጠኋት፤ ደጋግማ አገላበጠችው። እማዬን «ሀደ ኮ፣ እናቴ፣ አይዞዎት» እያለች ሆዷን አሳጠበቻት። ከዚያ ወደ ኮሪደር አወጣችኝ።

«ዛሬ ደህና ብትሆን ደህና ናት ብለሽ እንዳትሄጂ» አለችኝ። «ክፉው ዓይነት ዘግይቶ ነው የሚነሣው። ማብሰልም ማድረቅም አይገድለውም።»

«ማድረቅም?»

«ደርቆም ያው ነው። ለሌላ ሰው የሰጣችሁት አለ እንዴ?»

ያኔ ነው የእናንተ ጠርሙስ ትዝ ያለኝ። ለጾም ብላ ከሽሮና ከበርበሬው ጋር በሁንዴሳ የላከችላችሁ ጠርሙስ።

ወዲያው ወደ አንተ ደወልኩ፤ «ጥሪ አይቀበልም» አለኝ። ወደ ዲሪቤ ደወልኩ፤ ኔትወርኩ ጠፋ። ከግቢው ወጥቼ ወደ ዳገቱ ሮጥኩ። መንገደኛው ያየኛል፤ ነጠላዬ የት እንደወደቀ እንኳ አላውቅም። ስልኩን ከፍ አድርጌ እዞራለሁ፣ እደውላለሁ፣ ይቋረጣል። የልጆችህ ፊት ይመጣብኛል፤ ትንሿ ልጅህ ባለፈው ስትመጡ የእማዬን እንጉዳይ «ሥጋ ነው» ብላ ስትሻማ የነበረችው። በመጨረሻ ዲሪቤ አነሣች።

«ሳያትዬ! አሁን ላንቺ ልደውል ነበር። ያን እንጉዳይ ለእራት ዘፍዝፌዋለሁ፤ ስንት ሰዓት ነው የሚበስለው?»

«ድፊው!»

«ምን?»

«ድፊው ዲሪቤ! አሁኑኑ! ሻጋታ ገብቶበታል።»

ሳቀች። «እኔ ምንም አላየሁበትም። ምን ያስጮኽሻል? እሺ እደፋዋለሁ።»

«ስልኩን ሳትዘጊ ድፊው።»

የውኃውን ድምፅ ሰማሁ። «ጠርሙሱንም» አልኳት። «እሱንም ጣልኩት፤ አንቺ ልጅ ምን ነክቶሻል?» አለች። ምን እንደነካኝ አልነገርኳትም፤ መሐላ ነበረብኝ። ዳገቱ ላይ ተቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ዲሪቤ ይህን ስታነብ አጠገብህ ካለች ይቅር በይኝ በላት። ሻጋታ አልነበረም።

እማዬን ጎህ ሲቀድ ጀመራት። ማስመለሱ፣ ቁርጠቱ፣ ተቅማጡ፤ ያን አልጽፍልህም። በማግስቱ ተሻላት፣ ተቀምጣ አጥሚት ጠጣች። እትዬ ምንዳዬ ሊጠይቋት መጥተው «አላልኩም? ድንጋጤ ነበር፤ ይኸው አለፈ» ብለው ወጡ። እኔም ደስ ሊለኝ ሲል ሴና የደም ምርመራውን ይዛ መጣች። ጉበቷ ተነክቷል። «አሁን የተሻላት መስሎ ነው» አለችኝ በሹክሹክታ። የዓይኗ ነጩ ክፍል ቢጫ ሲሆን አየሁ። የማኅፀን ልጇ ሆኜ ስትሞት ላያት ነው እያልኩ ውኃ በማንኪያ እሰጣታለሁ፤ እሷ ደግሞ ውኃውን ተቀብላ ፊቷን ታዞርብኛለች።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሕመሙ ቀስ በቀስ ቀለለላት። «ጥቂት ስለዋጠች ነው፤ ሳይቆይም ስለታጠበች ነው» አለችኝ ሴና። «ሁሉም ጠግበው በልተው ቢሆንስ ኖሮ?» ብዬ ጠየቅኋት። ወረቀቷ ላይ መጻፍ ቀጠለች። አንተ የደወልክላት በዚያው ሰሞን ነው። የዋሸችህም ያኔ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ትገምተዋለህ። በሰፈሩ እናቷን ያዋረደች ልጅ ሆኜ ቀረሁ። ልብስ እኔ ጋ የሚያሰፉ ሴቶች በሌላ በኩል አለፉ። አንተም ስልክህን ዘጋህብኝ። ከዚያ ሁሉ ግን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነበር፤ እማዬ ከእኔ ጋር አትነጋገርም፣ በቀሩት ጠርሙሶች ያለውን ባቃጥልባትም ቅርጫቷ ግን ግድግዳው ላይ እንደተሰቀለ ነው። ሰኔ መጣ። ዝናቡ ሲጀምር ማታ ተኝቼ ጠዋት ስነቃ መጀመሪያ የማየው ቅርጫቱን ሆነ።

ባለፈው ሳምንት አንድ ጠዋት ቅርጫቱ የለም። እማዬም የለችም።

ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ፣ የለችም። ገበያ ሄድኩ። ባጃጆቹን ጠየቅሁ። አንዱ «አንድ እናት ወደ ሁሩሙ መውጫ በእግራቸው ሲሄዱ አይቻለሁ» አለኝ። ዝናብ እየወረደብኝ ሮጥኩ። መኪና ይገጫት ይሆን፣ ወንዝ ይወስዳት ይሆን፣ ለቅማ ጥሬውን ትበላው ይሆን፤ ያልመጣብኝ ሐሳብ የለም። ያገኘኋት የእትዬ ተጂቱ ኩይሳ የነበረበት ቦታ ነው፤ ባሕር ዛፉ መሃል፣ እርጥብ ግንድ ላይ ተቀምጣለች።

ኮቴዬን ሰምታ «ባዶ ነው» አለችኝ። ቅርጫቱን ገልብጣ አሳየችኝ።

«እማዬ፣ ምን ልታደርጊ መጣሽ?»

«ተጂቱን ልጠይቃት» አለች። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ቆይታ «ያን ነጩን ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ካለው ዛፍ ሥር ነው የለቀምኩት» አለችኝ። «ነጭነቱ ብቻ ነው የታየኝ። ያን ቀን በእጄ ስታስይዢኝ ደግሞ ጣቴ አውቆታል፣ ሳያት። አውቆታል።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ዓይኔ ጠፋ ብል ቅርጫቱን ትቀሙኛላችሁ። ቀጥሎ ቢላዋውን፣ ቀጥሎ እሳቱን። ከዚያ ጥግ አስቀምጣችሁ ታጎርሱኛላችሁ።»

«ለዚህ ብለሽ ሰው ልትጨርሺ?» አልኳት። እንዲህ ተናግሬያት አላውቅም። አልተቆጣችም። ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። «እሱ ባይሆን ብዬ ነው የዋጥኩት። ከሆነም በእኔ ይብቃ ብዬ ነው።» ከሆስፒታሉ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እጇን ሰጠችኝ፤ እየመራኋት ወደ ቤት ገባን።

ጋሼ፣ የጻፍኩልህ እንድትፈርድልኝ አይደለም። ሴና ዓይኗን አይታዋለች፤ ሞራ ነው፣ ጅማ ሄዳ ብታሠራው ይገፈፋል ብላለች። እማዬ እሺ ብላለች፤ ግን «ዲበኩሉ እጄን ካልያዘኝ አልጋው ላይ አልወጣም» አለች። እኔ ብለምናትም ከዚህ ፈቀቅ አላለችም። ክረምቱ ገና መግባቱ ነው። በየአጥሩ ሥር፣ በየዛፉ ግርጌ ነጭ ነገር እየወጣ ነው። ቅርጫቱን ጎረቤት ቤት አስቀምጫለሁ፤ ነጠላዋን ግን ማን ይቀማታል? በነጠላም ይለቀማል። የስፌት መኪናውን እያንቀሳቀስኩ ጆሮዬ በሩ ላይ ነው። ሐምሌ ሳይገባ ና። ስለ እኔ ብለህ ሳይሆን ስለ እሷ።

ትናንት እስከዚህ ጽፌ ስሜን ከገጹ ግርጌ ካሰፈርኩ በኋላ መሐላውን ማፍረሴ ስለከበደኝ ደብዳቤውን አነበብኩላት። ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ። ሲያልቅ «መሐላሽን ማርያም ትፍታልሽ፤ እኔ ፈትቼልሻለሁ» አለች። ትንሽ አሰበችና «በልቼ ነው የታመምኩት የሚለውን ጽፈሽዋል?» አለችኝ።

«ጽፌዋለሁ።»

«አንቺን ብቻ አያምንሽም። ብዕሩን ስጪኝ።»

ቦታውን ላሳያት እጄን ብዘረጋ ገፋችኝ፤ ራሴ አውቃለሁ አለች። ስለዚህ ጋሼ፣ ከታች በእኔ ስም ላይ ተደርቦ የምታየው ስም የእማዬ ነው። እዚያ ላይ እንዳለሁ አላየችም።

እህትህ ሳያት
ሀረገወይን